የፓርኩን ጫካ እባክዎ አያስመንጥሩት

ለከተማችን የፓርኮች ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሳላንዛዛ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ሳምንት በፓርኩ ጫካ ውስጥ ሳልፍ ሠራተኞች ቁጥቋጦውን ሲመነጥሩ፣ የረገፈውን ቅጠል በማዳበሪያ እየሞሉ መኪና ላይ ሲጭኑ አየሁ። ትልቁ የደረቀ ዛፍም ሊቆረጥ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ሠራተኞቹ የታዘዙትን ነው የሠሩት፤ ቅሬታዬ ትእዛዙ ላይ ነው።

ያ ዛፍ ደረቀ እንጂ ባዶ አይደለም። ግንደ ቆርቁር ጎጆውን የሚፈለፍለው እንዲህ ባለው የላላ እንጨት ውስጥ ነው፤ እሱ ለቆት የሄደውን ጉድጓድ ደግሞ ራሳቸው መፈልፈል የማይችሉ ወፎች፣ ትናንሽ ጉጉቶችና የሌሊት ወፎች ይገቡበታል። በውስጡ የጥንዚዛ እጮች እንጨቱን እየበሉ ያድጋሉ፣ አንዳንዶቹ ለዓመታት። ለምሳሌ በፊንላንድ ደኖች ከሚኖሩት ዝርያዎች ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑት ኑሯቸው በሞተ እንጨት ላይ የተመሠረተ ነው። አንድ ዛፍ ቆረጥን ስንል ስንቱን ነው ከቤቱ የምናስወጣው?

የበለጠ ያሳሰበኝ ግን በተመነጠረው ቦታ የሚተከለው ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ጌጠኛ ተክል ለዓይን ያምራል፣ እሺ። ግን አብዛኞቹ ቅጠል በል ነፍሳት ለረጅም ዘመን አብረዋቸው የኖሩትን ተክሎች ብቻ ነው መብላት የሚችሉት፤ በመጤው ላይ አባጨጓሬ አይበረክትም፣ አባጨጓሬ ከሌለ ደግሞ ወፏ ጫጩቶቿን የምትመግበው ታጣለች፣ ምክንያቱም ጥሬ ለቃሚ የሆኑት ወፎች እንኳ አብዛኞቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በነፍሳት ነው። በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ ጥናት ይህንን በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚገኙ ግቢዎች አይቶታል። ቺካዲ የምትባለው ትንሽ ወፍ ቁጥሯ ሳይቀንስ የምትቆየው ከግቢው ዕፅዋት ቢያንስ 70 በመቶው አገር በቀል ሲሆን ነው።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ከባድ ነገር አይደለም። ቅጠሉን ከእግረኛ መንገዱ ላይ ብቻ ያስጠርጉ፣ ከዛፎቹ ሥር ያለው ይቆይ፤ አፈር የሚሆነው እሱ ነው። ወራሪውን አረም መንቀሉን እደግፋለሁ፣ ግን በአንዴ ሳይሆን በየተራ፣ ወፎች ጫጩት በማይፈለፍሉበት ወቅት፣ በምትኩም እዚሁ ጫካ ካሉት ዛፎች ዘር የፈላ ችግኝ እየተተከለ።

ቀይ ቀለም የተቀባው ዛፍ መንገደኛ ላይ ይወድቃል ተብሎ ከተፈራ ቅርንጫፎቹ ይቆረጡና ግንዱ ይቁም። እሱም ካልሆነ ተቆርጦ እዚያው ጫካ ውስጥ ይጋደም። ብቻ መኪና ላይ አይጫን። ከመቆረጡ በፊት አንድ ቀን ማለዳ መጥተው ቢያዩት ደስ ይለኛል፤ ጉድጓዶቹ የት የት እንዳሉ እኔ አሳይዎታለሁ።

ከፓርኩ የዘወትር ተመላላሽ