ስለ ዕቃና ሽያጭ መመዝገቢያው ፕሮግራም ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣
ደሴ

እንደምን ከርማችኋል? በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በባቲና በወልድያ የምትጠቀሙበት የዕቃና የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም ክፍት ምንጭ (ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ለሁሉም የተከፈተ) መሆኑን ስንተክልላችሁ ነግረናችኋል። የጻፉት ፈቃደኛ ባለሙያዎች ወደየሥራቸው ከተበተኑ ቆይተዋል፤ ዋናውን ኮድም ከዓመታት ወዲህ የነካው የለም። ብዙዎቻችሁ «ታዲያ ወደ ሌላ ፕሮግራም ብንዞር አይሻልም ወይ?» ስትሉ ጠይቃችሁናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ ግን ተረክበን ልንቀጥለው ወስነናል፤ ምክንያቱንና የምንሠራበትን መንገድ ልታውቁት ይገባል።

መረከብ የቻልነው ኮዱ ጂፒኤል በተባለው የክፍት ምንጭ ፈቃድ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ሦስተኛ ዕትም ስለተለቀቀ ነው። በዚህ ፈቃድ ማንም ኮዱን ወስዶ መለወጥ፣ ለሥራውም ማስከፈል ይችላል። ፕሮግራሙን ለሰጠው ሰው ግን ኮዱን ሊከለክለው አይችልም። ግዴታው እኛንም ይይዘናል፦ ነገ ከእኛ ጋር መሥራት ባትፈልጉ ኮዱንም መዝገባችሁንም ይዛችሁ ወደፈለጋችሁት ባለሙያ መሄድ ትችላላችሁ። የቀድሞዎቹ ጸሐፊዎች ስምም ከነበረበት አይነሳም። ብዙዎቻችሁ ደብዳቤ የምትጽፉበት ሊብረኦፊስ እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕንኦፊስ የተለየው በዚሁ ዓይነት መብት ነው።

«እስከ ዛሬ እየሠራ አይደል፣ ምን ቸገረን?» የሚል ይኖራል። ፕሮግራሙ የቆመው ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ዕትም 5.6 ላይ ሲሆን የዚህ ዕትም የደኅንነት ጥገና እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ተቋርጧል። ገጾቹ የተሠሩበት አንጉላርጄኤስ የተባለው መሣሪያም እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ድጋፉ አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ የሚገኝ ቀዳዳን የሚደፍን ባለቤት የለም ማለት ነው። ፕሮግራሙ በአንድ የሱቅ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ለሚሠራላችሁ አደጋው አነስ ይላል፤ በኢንተርኔት ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ለምትጠቀሙ ግን ጊዜ የሚሰጥ አይደለም።

ሁሉን ትተን ከባዶ እንድንጽፈው የመከሩን አሉ። አልተቀበልነውም። ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 የብራውዘሩን (የኢንተርኔት ገጽ መክፈቻ ፕሮግራሙን) ኮድ ለሕዝብ ከከፈተ በኋላ የነበረውን ጥሎ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረ፤ አዲሱ ዕትም እ.ኤ.አ. በ2000 መገባደጃ ሲወጣ ገበያው በማይክሮሶፍቱ ብራውዘር በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ተይዞ ነበር። የእኛ ደግሞ ከዚህ የሚብስ ምክንያት አለው። በግማሽ የተከፈለ ዱቤ እንዴት እንደሚያዝ፣ የተመለሰ ዕቃ ከየትኛው ቀን ሽያጭ እንደሚቀነስ፣ የአገልግሎት ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ከክምችት እንዴት እንደሚወጣ፣ ይህ ሁሉ በአሮጌው ኮድ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ብዙው ከእናንተው የተማርነው ነው። ከባዶ ብንነሳ አንዱን ባንረሳ ሌላውን እንረሳለን፤ የረሳነውን የምታገኙት ደግሞ እናንተ ናችሁ፣ ሒሳብ ስትዘጉ።

ስለዚህ ቋንቋውን አልቀየርንም፤ ወደ ፒኤችፒ 8 እያሳደግነው ነው። ዕትሙን ለውጦ ማስነሳት ብቻ አይበቃም፤ አሮጌው ኮድ ከዳታቤዙ (መዝገቡ ከተቀመጠበት ቋት) ጋር የሚነጋገርባቸው ትእዛዞች ከዕትም 7 ጀምሮ ከቋንቋው ወጥተዋል፣ አንድ በአንድ መተካት አለባቸው። በመጀመሪያ የሠራነው ግን የሒሳብ አዘጋጉን የሚፈትሽ መሞከሪያ ነው። አንድ ቦታ ስንነካ ሌላ ቦታ የአንድ ብር ልዩነት ከመጣ ወዲያው እንድናየው ነው። ሌሎች ቋንቋዎችን አይተናል፤ ፓይተንንና በእርሱ የተሠራውን የድረ ገጽ መሥሪያ ጃንጎን እንወዳቸዋለን። በመጨረሻ የወሰነልን አንድ ጥያቄ ነው፦ እኛ ብንጠፋ ይህን ማን ይጠግነዋል? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ፒኤችፒ የሚያውቅ ወጣት ፈልጎ ማግኘት አይከብድም። የጻፉት ሰዎች ሲበተኑ ፕሮግራም ምን እንደሚሆን በዚሁ አይተናልና ከዚህ የሚበልጥ መመዘኛ የለንም።

ገጾቹ በአብዛኛው ሰርቨሩ (መዝገቡን የሚይዘው ዋናው ኮምፒውተር) አዘጋጅቶ የሚልካቸው ቀላል ገጾች ይሆናሉ፤ በአሮጌ ስልክና በደካማ ኔትወርክም ቶሎ ይከፈታሉ። የሽያጭ መመዝገቢያዋ ገጽ ብቻ ትለያለች። ኔትወርክ ቢቋረጥም ሽያጩን በብራውዘሩ ውስጥ ይዛ ትቆይና ሲመለስ ወደ ሰርቨሩ ትልካለች። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በብራውዘር ውስጥ ያለ መዝገብ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አይደለም። ያልተላኩት ሽያጮች ብዛት ከገጹ ራስ ላይ በቀይ ይታያል፤ ቀዩ ሳይጠፋ ብራውዘሩን አታጽዱ፣ ስልኩንም አትቀይሩ።

ብዙ ያደከመን የፊደላችን ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ሥርዓት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አለ፤ የፕሮግራሙ የቆዩ ሠንጠረዦች ግን ለላቲን ፊደል የተበጁ ናቸው። በእነርሱ ውስጥ ያለው አማርኛ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ቢታይም አብዛኛው አልጠፋም፤ በትክክል ሲነበብ ይመለሳል። በጥያቄ ምልክት የተተካው ግን ከዳታቤዙ አይገኝም፣ ከወረቀት ደረሰኝ እንደገና ማስገባት ግድ ነው። በፍለጋም በኩል «ሐሰን» እና «ሀሰን» ለአሮጌው ፕሮግራም ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ባለዕዳ በሁለት ስም ተመዝግቦ ያገኛችሁት ለዚህ ነው። አዲሱ ዕትም ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን አንድ አድርጎ ይፈልጋል። የጻፋችሁትን ስም ግን አይለውጥም፣ ሰው ስሙን እንደጻፈው መቆየት አለበትና። ተመሳሳይ ስሞችንም በራሱ አያዋህድም፤ ያሳያችኋል፣ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ወደ አዲሱ የምንሸጋገረው ደንበኛ በደንበኛ ነው። ሐምሌ የግብር ወር ስለሆነ በዚያ ወር ማንንም አንነካም፤ የባቲ ደንበኞቻችንንም ሰኞ፣ በገበያው ቀን፣ አናስቸግርም። አንድ ሙሉ ወር ሁለቱ ፕሮግራሞች ጎን ለጎን ይሠራሉ። የወሩ መዝጊያ እኩል ካልመጣ በአሮጌው ትቀጥላላችሁ፣ እኛም ልዩነቱን ፈልገን እስክናገኝ አንቀጥልም። የዓመት የጥገና ውል ያላችሁ ተጨማሪ ክፍያ የለባችሁም።

ከመምጣታችን በፊት የዱቤ መዝገባችሁን አንድ ጊዜ ተመልከቱልን። በሁለት አጻጻፍ የገቡ የምታውቋቸው ስሞች ካሉ በወረቀት ጽፋችሁ ጠብቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባልደረቦች