ከሰል ሁሉ አንድ አይደለም

ሰላም አዘጋጆች፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ከሰል ያወጣችሁትን አነበብኩት። ከሰል አክሳዩን ሁሉ ደን ጨፍጫፊ ብላችሁ በአንድ ሙቀጫ ወቀጣችሁት፤ ከሰሉም ይታገድ አላችሁ። ያነበብኩት ደግሞ መብራት ጠፍቶ ጎረቤቱ ሁሉ በረንዳ ላይ ከሰል በሚያራግብበት ማታ ነው።

እኔ የአዊ ልጅ ነኝ፣ የፋግታ ለኮማ ወረዳ። እኛ ጋ ከሰል ከጫካ አይመጣም፣ ከማሳ ነው። ዲከረንስ የሚባል ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ አለ። ገበሬው ችግኙን ጤፍ በተዘራበት ማሳ ላይ ይተክላል። የመጀመሪያውን ዓመት ጤፉን ያጭዳል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው በዛፎቹ መሃል የበቀለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል ወይ ይሸጣል፣ አራት አምስት ዓመት ሲሞላ ዛፉን ቆርጦ እዚያው ያከስልና መሬቱን አርሶ እንደገና ጤፍና ችግኝ። መሬታችን አሲዳማ ነው፤ እህል አልሰጥ ያለ ማሳ ሞልቷል። ዛፉ ናይትሮጂን ለአፈሩ ይመልስለታል። ታዲያ ይሄ ጭፍጨፋ ነው ወይስ እርሻ?

አንድ በጋ አጎቴ ሲያከስል አብሬው አደርኩ። ግንዱን እኩል እኩል ቆርጦ ደረደረው፣ በቅጠልና በሣር ሸፈነው፣ አፈር መለሰበት፣ ከዚያ በአንድ በኩል ለኮሰው። እንቅልፍ የለም። ጢሱ መጀመሪያ ነጭና ወፍራም ነው፣ የእንጨቱ ውሃ ነው የሚወጣው፤ እየሳሳ ወደ ሰማያዊ ሲሄድ እየደረሰ ነው ማለት ነው። ሌሊት ላይ ክምሩ በአንድ ጎኑ ተናደ። አየር ከገባ ሁሉም አመድ ነው። አጎቴ በባዶ እግሩ አካፋውን ይዞ ሲሮጥ ያየሁትን አልረሳም። የአራት ዓመት ዛፍ ነዋ!

ጥፋት የለም አልልም። በስምጥ ሸለቆ መንገድ ዳር በጆንያ ተደርድሮ የምናየው የአገር በቀል ግራር ከሰል ከተተከለ ዛፍ የመጣ አይደለም፤ እሱ ላይ የጻፋችሁት ልክ ነው። የእኛም ቢሆን ጉድለት አለበት። በአፈር ክምር ከ10 ኪሎ ደረቅ እንጨት 2 ኪሎ ከሰል ከወጣ እሰየው ነው። ጭስ ማውጫ ያለው የተሻሻለ ማክሰያ ወደ 3 ኪሎ ያደርሰዋል። እስቲ አስሉት፣ ለዚያው ከሰል ሲሶው ዛፍ ሳይቆረጥ ይቀራል። ደግሞ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ተክሎ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዝገት የሚሉት በሽታ ሲገባ ችግኙ ሳይቀር ደረቀ። ያኔ ነው የነቃነው።

ከሰሉ ይታገድ ላላችሁት ግን፣ ምን ልንጠቀም ነው? በዚህ አገር ከ10 ቤት ዘጠኙ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል ወይ በኩበት ነው። ኩበቱ ደግሞ ለመሬቱ ፍግ መሆን የነበረበት ነው። አዲስ አበባ ራሷ እኮ በባህር ዛፍ የተረፈች ከተማ ናት፤ ማገዶ አልቆ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ነበር። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን በግማሽ ይቀንሳል፤ ከወጣ 30 ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ እናቴ ጋ የደረሰው ግን አምና ነው። ስለዚህ መታገድ ካለበት ሳይተኩ መቁረጥ ይታገድ። ለገበሬው ማክሰያውን፣ ለእናቶች ምድጃውን አድርሱ ብላችሁ ጻፉ።

ኬላውንም አትርሱ። አጎቴ አንዴ ጭነቱ ተይዞበት፣ የገዛ ዛፌ ነው፣ እኔው ተክዬ እኔው የቆረጥኩት ነው ቢል ማን ይስማው። ሁለት ቀን መንገድ ዳር አደረ። ከተተከለ ዛፍ የመጣው ከሰል ከቀበሌው ጀምሮ የሚለይበት ወረቀት ቢኖረው ኖሮ እሱም አይጉላላም፣ የጫካውን የሚያሻግረውም ከእሱ ጋር ተመሳስሎ አያልፍም ነበር።

በሚቀጥለው ስለ ከሰል ስትጽፉ ዘጋቢያችሁን የወረዳችን ከተማ አዲስ ቅዳም ላኩት። አንድ ሌሊት ጢሱ አጠገብ ይደር። ጋቢ ይያዝ ብቻ፣ አገሩ ደጋ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ