የካፔንጉሪያው ዳኛ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናይሮቢን ለምጃታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሥራ ካፔንጉሪያ ወደምትባል የሰሜን ምዕራብ ኬንያ ከተማ ወስዶኝ ነበር። ኋላ የኬንያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆሞ ኬንያታ፣ ማው ማው የተባለውን የቅኝ አገዛዝ ተቃዋሚ ታጣቂ ንቅናቄ መርታችኋል ተብለው ከአምስት ጓዶቻቸው ጋር የተፈረደባቸው እዚያ ነው። ዛሬ ሙዚየም አለው። ውስጡን ስዞር እርስዎ ነበሩ በሐሳቤ የሚመጡት፤ የዳኛ ልጅ አይደለሁ!

የፈረደው ሰው ራንስሊ ታከር ይባላል። የፊጂ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበር፤ ኋላ የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1952፣ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ለዚች አንድ ክስ ብሎ መልሶ ጠራው። ክፍያው 20,000 ፓውንድ።

አባባ፣ ያ ባለጉዳይ ደጃችን ላይ በግ አስሮ የሄደ ጊዜ ትዝ ይልዎታል? በዚያው ማታ እኔው እየጎተትኩ እንድመልሰው አደረጉኝ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፤ ፋሲካ ደርሶ ነበራ! እና 20,000 ፓውንድ ስንት በግ ይወጣዋል እያልኩ ሙዚየሙ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ።

ችሎቱ የተቀመጠው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ከተማዋ ሆቴል እንኳ ስላልነበራት ጠበቆቹ በአቅራቢያዋ ባለችው ኪታሌ ከተማ እያደሩ ይመላለሱ ነበር። ዋናው የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሮውሰን ማቻሪያ፣ ኬንያታ የማው ማውን መሐላ ሲያስምሉ አይቻለሁ አለ። አላደረጉም የሚሉ የመከላከያ ምስክሮች ቀረቡ። ታከር ግን አሥሩን ትቼ አንዱን አምኛለሁ ብሎ በፍርዱ ላይ ጻፈ። ይህን ሲያነቡ መነጽርዎን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ይታየኛል። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 8 ቀን 1953 ሰባት ዓመት እስራት ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ፈረደባቸው።

ከሁሉ የከነከነኝ ኋላ የመጣው ነው። በ1958 ማቻሪያ በቃለ መሐላ፣ የመሰከርኩት ሐሰት ነው፤ እንግሊዝ አገር የትምህርት ዕድል ተሰጥቶኝ ነው አለ። የታሰረው ታዲያ ያኔ ዋሸህ ተብሎ አይደለም። አሁን ዋሽቻለሁ ማለትህ ነው ሐሰት ተብሎ ነው!

አባባ፣ ይህ ጉዳይ እርስዎ ችሎት ቢቀርብ ከየት ይጀምሩ ነበር? እሁድ ስደውል ይንገሩኝ። ረጅም ካርድ እሞላለሁ።

ልጅዎ፣ ከናይሮቢ