እማዬ፣ ጉልበትሽን ለባሕሩ አስቀሪልኝ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ተመስገን ደህና ገብተናል። ልጆቹ ሻንጣ እንኳ ሳይፈታ ነው ወደ ባሕሩ የሮጡት። በስልክ "ገብተናል፣ ደክሞናል" ከማለት ሌላ ብዙም አላወራሁሽም። አሁን እንቅልፌን ጠግቤያለሁ። ስለዚህ የመንገዱን ነገር ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። በቅርቡ አንቺም በዚያው መንገድ ነው የምትመጪው። የሚጠብቅሽን ቀድመሽ አውቀሽ እንድትነሺ እፈልጋለሁ።

አስቀድሜ ልመናዬን ልናገር። ዊልቸሩን እምቢ አትበይኝ። "መራመድ አቃተኝ እንዴ? ሰው አላስቸግርም" ያልሽው እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። መራመድ እንደማያቅትሽ እኔም አውቃለሁ። ግን ያንን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አየሁት። የሚያደክመው በረራው አይደለም። እዚያማ ተቀምጠሽ ነው። ሰውን የሚጨርሰው መሬት ላይ ያለው ነው። ሰልፉ፣ መቆሙ፣ ማለቂያ የሌለው ኮሪደር፣ ጫማ አውልቂ፣ ጫማ አድርጊ፣ እንደገና ሰልፍ።

ኤርፖርት የደረስነው ለዓለም አቀፍ በረራ እንደሚመከረው ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድመን ነው። መጀመሪያ ሻንጣ ማስረከቢያው ጋ ተሰለፍን። ከዚያ ፓስፖርት ቁጥጥር። ከዚያ ፍተሻ። በየቦታው የምትጠብቂው ቆመሽ ነው። ሰልፉ መሃል አረፍ የሚባልበት ወንበር የለም። ያን ሁሉ አልፈን መሳፈሪያው በር ጋ ቁጭ እንዳልን ስክሪኑ ላይ የበሩ ቁጥር ተቀየረ። ተነስተን ዕቃችንን ሰብስበን ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድን።

ትራንዚቱ ደግሞ ይብሳል። የመጀመሪያው አውሮፕላን ዘግይቶ ስለተነሳ ስናርፍ ለሁለተኛው የቀረን ጊዜ አጭር ነበር። ትልልቅ ኤርፖርቶች ውስጥ ከአንዱ ተርሚናል ወደ ሌላው የሚወስድ ባቡር አለ። ርቀቱ ባቡር ካስፈለገው በእግር ምን እንደሚሆን አስቢው። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ደግሞ አውሮፕላኑ የሚነሳበት ነው። በሩ የሚዘጋው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አስቀድሞ። ልጆቹን እየጎተትን ሮጠን ለጥቂት ደረስን። በዚያ ሩጫ መሃል አንቺ ትዝ አልሽኝ። እማዬ ብትሆን ሰው ላለማስቸገር ስትል ጥርሷን ነክሳ ትሮጥ ነበር፣ ማታ ጉልበቷ ሲያብጥም ለማንም አትናገርም ነበር አልኩ።

እዚያው ትራንዚት ላይ በአንቺ ዕድሜ ያሉ አንዲት እናት በዊልቸር አጠገባችን አለፉ። የሚገፋቸው የኤርፖርቱ ሠራተኛ የሆነ ወጣት ነው። ቦርዲንግ ፓሳቸውንና ፓስፖርታቸውን ይዞላቸዋል። ፍተሻው ላይ በሌላ መስመር አስገባቸው። እኛ ላብ በላብ ሆነን ጌቱ ጋ ስንደርስ እሳቸው ተረጋግተው ተቀምጠዋል። ሰው ሁሉ ገና ሳይሰለፍ ቀድመው ገቡ። ልብሽ እንዲቀበለው የምፈልገው ነገር ይህ ነው። ያ ወጣት ውለታ እየዋለላቸው አልነበረም። ሥራው ነው፣ ደሞዝ የሚበላው ለዚሁ ነው። አንቺ የምትፈሪው ማስቸገር እዚያ ቦታ የለም። ይልቅ እርዳታ ሳይጠይቅ ቀርቶ መሃል መንገድ ላይ ጉልበቱ የከዳው ሰው ነው ሁሉንም የሚያስጨንቀው።

ደግሞ ዊልቸር የጠየቀ ሁሉ አንድ ዓይነት ተደርጎ አይታይም። አየር መንገዶች መንገደኛውን እንደ አቅሙ ይለዩታል። ደረጃ የሚወጣ፣ አውሮፕላኑ ውስጥም በራሱ የሚራመድ፣ ግን ረጅም ርቀት የሚከብደው አለ። ደረጃ የማይችል አለ። እስከ መቀመጫው ድረስ መደገፍ ያለበትም አለ። አንቺ ከመጀመሪያዎቹ ነሽ። አየሽ፣ መራመድ ለሚችል ሰው ራሱን የቻለ ምድብ አዘጋጅተውለታል። አውሮፕላኑ በር ላይ ከዊልቸሩ ተነስተሽ በእግርሽ ትገቢያለሽ። "ትኬቱ ላይ ሌላ ወጪ ይጨመራል" ብለሽም አትስጊ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 የወጣ ደንብ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። አሜሪካም ውስጥ ክፍያ መጠየቅ ክልክል ነው። የሚፈለገው አስቀድሞ ማሳወቅ ብቻ ነው። ብዙ አየር መንገዶች ከበረራው ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት ንገሩን ይላሉ።

አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ዕቃውን ለማውረድ ይጋፋል። አንቺ አትነሺ። ዊልቸር የጠየቁ መንገደኞች ብዙ ጊዜ የሚወርዱት መጨረሻ ላይ ነው። ሰው ሲያልቅ አስተናጋጇ ትመጣለች። ትራንዚት ላይም እንደዚያው ነው። "በረራው ያመልጠኛል" ብለሽ ልብሽ አይሰቀል። የሚወስድሽ ሰው ሰዓቱንም በሩንም ከአንቺ በላይ ያውቃል።

አሁን ስለ በረራው ልንገርሽ። እንደምትፈሪ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ድምፁን እንኳ አስቀድመሽ እወቂው። ከመሬት እንደተነሳ ከወለሉ ሥር ዱም የሚል ድምፅ ይመጣል። ጎማው ወደ ውስጥ እየታጠፈ ነው። ትንሽ ቆይቶ የሞተሩ ጩኸት ድንገት ዝቅ ይልና ቁልቁል የምትሄጂ ይመስልሻል። እየወረዳችሁ አይደለም። ለመነሳት ያስፈለገው ጉልበት ከዚያ በኋላ ስለማያስፈልግ አብራሪዎቹ ይቀንሱታል። ማታ ከሆነ ሲነሳና ሲያርፍ መብራቱን ያደበዝዙታል። እሱም ብልሽት አይደለም። ድንገት መውጣት ቢያስፈልግ ዓይናችን ጨለማውን ቀድሞ እንዲለምደው ነው።

መሃል ላይ ሲናወጥ እኔም ወንበሩን ጨምድጄ ያዝኩ። አየሩ እኩል ሳይሆን ሲቀር ነው እንዲያ የሚሆነው። ክንፉ ሲወዛወዝ ብታዪ አትደንግጪ። እንዲተጣጠፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። አንድ ነገር ብቻ አደራ። የቀበቶው ምልክት ቢጠፋም፣ ለመነሳት ካልሆነ በቀር ቀበቶሽን አትፍቺ። በመናወጥ የሚጎዱት በአብዛኛው ያላሰሩት ናቸው።

ትንሹ ልጅ ደግሞ መስኮቱ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ አይቶ "ተበሳ!" ብሎ ጮኸ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ሆን ተብላ የተሠራች ናት። መስኮቱ ድርብርብ ነው። ግፊቱን የሚሸከመው የውጭው ነው። ቀዳዳዋ አየሩን ታመጣጥናለች፣ መስኮቱ በጉም እንዳይሸፈንም ታደርጋለች። እንዳታስደነግጥሽ ብዬ ነው የነገርኩሽ።

ሰውነትሽን በተመለከተ ጠበቅ አድርጌ የምነግርሽ አለኝ። አውሮፕላኑ የሚበረው ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ውጭው ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ገደማ ነው። ውስጡ ግን አየሩ ተጨምቆ ስለሚገባ ከ1800 እስከ 2400 ሜትር ከፍ ያለ ተራራ ላይ እንዳለሽ ያህል ነው የሚሰማሽ። እግር ያብጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋቱን አደጋ እጥፍ ገደማ ያደርገዋል። አደጋው ለብዙ ሰው ትንሽ ነው፣ በዕድሜ ለገፋ ሰው ግን ችላ አይባልም። ስለዚህ የመተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ይያዝልሽ። እየተነሳሽ ትንሽ ተንቀሳቀሺ። ተቀምጠሽም ቁርጭምጭሚትሽን አዟዙሪ፣ ጣቶችሽን ወደ ላይ ወደ ታች አድርጊ። ጫማሽ ላላ ያለ ይሁን፣ ጥብቅ ከሆነ አንዴ ካወለቅሽው በኋላ እግርሽ መልሶ ላይገባ ይችላል።

ውሃ ጠጪ። "መጸዳጃ ቤት እንዳልመላለስ" ብለሽ አፍሽን እንደምትዘጊ አውቃለሁ። እባክሽ አታድርጊው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር በጣም ደረቅ ነው፣ እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። እኔ እንኳ ከንፈሬ ተሰነጣጠቀ። መተላለፊያው ዳር ከተቀመጥሽ ማንንም ሳትቀሰቅሺ ትነሻለሽ። ሲወርድ ጆሮሽ ድፍን ካለ ዋጥ ዋጥ አድርጊ ወይም አዛጊ። ወደ ማረፊያው ላይ እንቅልፍ ባይወስድሽ ይሻላል፣ ተኝተሽ ስለማትውጪ ጆሮሽን ሊያምሽ ይችላል።

መድኃኒትሽን በሻንጣ አትስጪ። የግፊቱም የጉልበቱም በእጅ ቦርሳሽ ውስጥ፣ ከነካርቶኑና ከሐኪሙ ማዘዣ ጋር ይሁን። ፈሳሽ ነገር በየዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ የሚለው ሕግ በብዙ ኤርፖርቶች አሁንም አለ፣ መድኃኒት ግን ፍተሻው ላይ ካሳየሽ ያልፋል። የሰዓት ልዩነት ስላለ ክኒኑን በየትኛው ሰዓት እንደምትወስጂ ከመነሳትሽ በፊት ሐኪምሽን ጠይቂልኝ። በዚያው ልብሽንም ይይልሽ፣ ለመብረርም ይፍቀድልሽ። ይህን እኔ በግምት ልነግርሽ አልችልም።

በእጅ ቦርሳሽ አንድ ቅያሪ ልብስም ጨምሪ። የእኛ አንዱ ሻንጣ አብሮን አልደረሰም። ከሻንጣ መረከቢያው አዳራሽ ሳንወጣ አመለከትን፣ ሻንጣውን ስናስረክብ በሰጡን ቁራጭ ወረቀት ላይ ባለው ቁጥር ፈለጉት፣ በማግስቱ ቤት ድረስ አመጡት። እና ያቺን ወረቀት አትጣያት። በዓለም አቀፉ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ሻንጣ በ21 ቀን ውስጥ ካልመጣ እንደጠፋ ተቆጥሮ ካሳ ይጠየቅበታል። ወረቀቷ ከሌለችሽ ግን ክርክሩ ይከብድሻል።

ስትደርሺ ቶሎ እንቅልፍ እምቢ ሊልሽ ይችላል። ሰውነት አዲሱን ሰዓት የሚለምደው ቀስ እያለ ነው፣ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ደግሞ ይብሳል። የቀን ብርሃን ይረዳል። እኛ ጠዋት ጠዋት ደጅ እየወጣን ነው ያስተካከልነው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አላቀድንልሽም። ትተኛለሽ፣ በረንዳው ላይ ትቀመጫለሽ፣ ልጆቹ ያጫውቱሻል።

ይህን ሁሉ የምለው እንዲሁ ለጤናሽ ብቻ ብዬ አይደለም። ዕረፍታችን አጭር ነው። በዚያ ኮሪደር ላይ የምታፈሺው ጉልበት ከዚህ ይጎድላል። ከቤቱ እስከ ውሃው ዳር ያለው መንገድ ሜዳ ነው፣ ቀስ ብለሽ የምትሄጂው ነው። ልጆቹ ከአሁኑ "አያቴን እኔ ነኝ እጇን የምይዘው" ተባብለው ተጣልተዋል። እዚያ ስትራመጂ ማየት ነው የምፈልገው። አብጦ በትራስ የተደገፈ ጉልበትሽን እያየሁ ቀኑ እንዲያልፍ አልፈልግም። ስንቶቻችንን አዝለሽ፣ ደግፈሽ፣ ታመን ስንተኛ ሌሊት ቆመሽ አሳድገሻል። አንድ ቀን ሌላ ሰው ቢገፋሽ ምንም አይጎድልብሽም።

ወንድሜ ትኬቱ በእሱ እጅ ስለሆነ ለአየር መንገዱ የሚደውለው እሱ ነው። "መራመድ ትችላለች፣ ረጅም መንገድ ግን ይከብዳታል፣ መነሻው ላይም፣ ትራንዚቱ ላይም፣ መድረሻው ላይም ዊልቸር ይዘጋጅላት፣ መቀመጫዋም መተላለፊያው ዳር ይሁን" ይበላቸው። መመዝገቡን በጽሑፍ እንዲልኩለት ይጠይቅ። አንቺ እሺ ካላልሽው ግን አይደውልም፣ ያውቅሻልና። ስለዚህ ዛሬውኑ እሺ በይው፣ ማታ ስደውል ከእሱ ልስማ።

የምትወድሽ ልጅሽ