ይድረስ ለአባባ፦ ስለ 7518 እና ስለ ድንቅነሽ ዕድሜ

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን።

በስልክ «ዓለም ከተፈጠረ 7518 ዓመት ሆኖ ሳለ ድንቅነሽን 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያላት ማነው? በካርቦን መለካት እንደሆነ ከ50 ሺህ ዓመት አያልፍም» ብለውኝ ነበር። ስለ ካርቦኑ ልክ ነዎት። ለመለኪያ የሚያገለግለው ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚጎድል ከ50 ሺህ ዓመት በኋላ የሚለካ ነገር አይተርፍም ማለት ይቻላል። ድንቅነሽ ግን በካርቦን አልተለካችም። እንዲያውም አጥንቷ ራሱ አልተለካም፤ የተለካው በአፋር፣ ሐዳር በሚባለው ቦታ፣ አጽሟ ከተገኘበት ደለል ጋር ተደራርቦ የተገኘው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

አመዱ ውስጥ ፖታሲየም ያለባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። ፖታሲየም 40 የሚባለው የፖታሲየም ዓይነት በ1.25 ቢሊዮን ዓመት በግማሽ ይጎድላል፤ ከሚጎድለው ከመቶ 11 ያህሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ዐለቱ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይታፈናል። ቆጠራው ከዜሮ የሚጀምረው ያኔ ነው። ክሪስታሏን በሌዘር አቅልጠው የወጣውን ጋዝ ይለካሉ።

የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው። አመዱ ሲፈነዳ የቆየ ዐለት ፍርፋሪ ይዞ ከወጣ ዕድሜው ይጋነናል፤ ክሪስታሉን ውሃና አየር ከበሉት ደግሞ ጋዙ ሾልኮ ያንሳል። ድሮ ብዙው አንድ ላይ ሲቀልጥ ስሕተቱ ተቀላቅሎ ይደበቅ ነበር። አሁን አንድ በአንድ ስለሚለካ ባዕዱ ከጓደኞቹ ጋር አልስማማ ብሎ ይጋለጣል።

እርስዎስ አጽዋማትንና በዓላትን በሚያወጡበት በባሕረ ሐሳብ ቀመር ስሕተትን የሚያጋልጡት እንዲሁ አይደል? የ2018ን ይዩት፦ 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ትተው ወንበር የሚሉት ቁጥር 12። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ትርፉ ሲያዝ) አበቅቴ 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ ሲገደፍ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ አንድ ቦታ ተሳስተዋል። በመጥቅዑ ቀን፣ መስከረም 18፣ እሑድ ስለዋለ ተውሳኩ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 7፤ 18 እና 7 ተደምረው ጾመ ነነዌ ጥር 25። ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ ስለሚገባ፣ ቀኑ ሰኞ ካልዋለ ብዕሩን አንሥተው ከላይ ይጀምራሉ።

በ7518 ውስጥ ያለው 5500 ግን (ቀሪው 2018 ዓመተ ምሕረቱ ነው) የተገኘው አበው ልጅ የወለዱበት ዕድሜ ተደምሮ ነው። አዳም ሴትን የወለደው በሰባ ሊቃናት ትርጉም በ230 ዓመቱ፣ በዕብራይስጡ በ130 ዓመቱ ነው። እንዲህ ያለው ልዩነት ተጠራቅሞ ከሺህ ዓመት ይበልጣል፤ የትኛው እንደተሳሳተ የሚያጋልጥ «ሰኞ» ግን የለውም። ስለዚህ 7518ን ለበዓል ማውጫ እቀበላለሁ፣ ለምድር ዕድሜ አልቀበልም።

በዓላቱም በዚህ አይጎዱም። ቀመሩ የሚፈልገው ትርፉን እንጂ የዓለምን ዕድሜ አይደለም። በ5500 ላይ 532 ቢጨምሩ፣ ማለትም 19 በ28፣ አንድም በዓል ከቦታው አይነቃነቅም። የሐዳር አመድ ፋሲካን የሚነካበት መንገድ የለም።

«አርጎን እግዚአብሔር የለም ብሏል» የሚሉትም መሣሪያውን ከአቅሙ በላይ እያናገሩት ነው። እሱ የሚያውቀው አመዱ መቼ እንደቀዘቀዘ ብቻ ነው፤ ፖታሲየሙን ማን ፈጠረው ለሚለው መልስ የለውም።

የ2019ን ሲያወጡ (ወንበሩ 13 ነው) አንዴ እንደ ልማድዎ፣ አንዴ 532 ጨምረው ይሞክሩት። ሁለቱም ነነዌን የካቲት 15 ላይ ካላዋሉት ይደውሉልኝና እንከራከር።

ልጅዎ