ሜሽና የፍሰት ዳታ ስለማዛወር፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሜሽ (የአየር ወይም የውሃ ፍሰትን በኮምፒውተር ለማስላት ቦታው በትንንሽ ሴሎች የሚከፋፈልበት መረብ) እና የፍሰት ውጤት ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ የማዛወር ሥራን ከእንግዲህ በነጻ እንደማንሠራ፣ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን እንደሚፈጅና ያልተፈተሸ ፋይል ከቤታችን እንደማይወጣ ካስታወቅን ወዲህ ስልካችን አላረፈም። ገሚሶቻችሁ በትሕትና፣ ገሚሶቻችሁ ጠንከር ባለ ቃል ቅሬታችሁን ነግራችሁናል። "ፋይሉን በሌላ ፎርማት ሴቭ ለማድረግ ምን ገንዘብ ያስፈልጋል?" የሚለው ደጋግሞ መጥቷል። ማስታወቂያው ድንገት ስለደረሳችሁና የጀመራችሁት ሥራ ስለተጓተተ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን ይጸናል። ሥራው ሥራ አይደለም መባሉ ከልብ ስላሳዘነን፣ ውስጡ ምን እንዳለ በዝርዝር ልናስረዳችሁ ወደድን።

ከሜሹ እንነሳ። በአዲስ አበባ ለሚቆም ሕንፃ የነፋስ ጫና ጥናት ሲመጣልን፣ ሥዕሉ ብዙ ጊዜ በቀያሽ ኮኦርዲኔት፣ ቦታን በሜትር በሚለካው የካርታ አቆጣጠር በዩቲኤም ዞን 37 እንዳለ ይደርሰናል። ከተማዋ በዚያ አቆጣጠር ወደ ምሥራቅ 472,000፣ ወደ ሰሜን 995,000 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ባይነሪው ኤስቲኤል፣ ቅርጽን በሦስት ማዕዘኖች የሚይዘው የፋይል ፎርማት፣ እያንዳንዱን ነጥብ የሚያስቀምጠው በሲንግል ፕሪሲዥን (ሰባት አሃዝ ገደማ ብቻ በሚይዝ ቁጥር) ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራሞችም ዝም ከተባሉ እንዲሁ ያደርጋሉ። ቁጥሩ 995,000 አካባቢ ሲሆን፣ በሲንግል ፕሪሲዥን በሁለት ተከታታይ ዋጋዎች መካከል ያለው ርቀት 6.25 ሴንቲሜትር ነው፤ 472,000 አካባቢ ደግሞ 3.125 ሴንቲሜትር። ከግድግዳው ጋር የተጣበቀው የመጀመሪያው የሴል ንብርብር ውፍረት 5 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ነጥቦቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይወድቁና ሴሉ ዜሮ ወይም ኔጌቲቭ ይዘት ይዞ ይቀራል። በጽሑፍ መልክ ሲወጣ ይብሳል። የፍሰት ማስሊያ ፕሮግራሙ ኦፕንፎም ካልነገሩት በስተቀር የሚጽፈው ስድስት አሃዝ ብቻ ስለሆነ፣ 995,123.47 የነበረው ነጥብ 995,123 ሆኖ ይወጣል፤ ግማሽ ሜትር ያህል ተቆርጦ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ ሜሽ ከመሠራቱ በፊት መነሻ ነጥቡን ወደ ሕንፃው እግር እናመጣለን፤ የቀነስነውን ቁጥር መዝግበን ከፋይሉ ጋር እናስረክባለን፤ የአጻጻፍ አሃዙንም ወደ 12 ከፍ እናደርጋለን። አሃዙ አንድ ጊዜ ተቆርጦ ከመጣልን ግን ማንም መልሶ አያመጣውም። የመጀመሪያውን ጂኦሜትሪ፣ በተለይ ቅርጹን ሳይሸራርፍ በሚይዘው በስቴፕ ፎርማት፣ ላኩልን የምንለው ለዚህ ነው። ዲዛይናችንን ሊያስቀሩብን ነው ብላችሁ የጠረጠራችሁን ይህን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቡልን።

የሴል ቅርጽም የራሱ ጣጣ አለው። በስናፒሄክስሜሽ፣ በኦፕንፎም የሜሽ መሥሪያ፣ የተሠራ ሜሽ ሴሎቹ በአንድ ደረጃ በደቀቁበት ቦታ፣ ከጎኑ ያለው ትልቁ ሴል አንዱ ገጹ በአራት ተከፍሎ ባለ 9 ገጽ ይሆናል። ኦፕንፎምና ሌላው የፍሰት ፕሮግራም ፍሉየንት ሜሹን በገጽ ስለሚመዘግቡ ይህ አያስቸግራቸውም። ኤስዩ2 የሚባለው ፕሮግራም ግን የሚያውቀው ቴትራ (ባለ 4 ገጽ)፣ ፒራሚድና ዌጅ (ባለ 5 ገጽ) እንዲሁም ሄክሳ (ባለ 6 ገጽ) ብቻ ነው። እያንዳንዱ ባለ 9 ገጽ ሴል ተሰንጥቆ ፒራሚድና ቴትራ መሆን አለበት፤ የሴሉ ብዛት ይጨምራል፣ የሜሹ ጥራትም ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ሜሹን ኦፕንፎም ውስጥ መልሰን በቼክሜሽ፣ በሜሽ መፈተሻው፣ እናየዋለን። ኖን-ኦርቶጎናሊቲው (ሴሉ ከጎረቤቱ ጋር ያለው የመዛባት ማዕዘን) ከ70 ዲግሪ ያለፈ ሴል ከተገኘ የት እንዳለ እናያለን፤ ርቆ ሰማይ ላይ ከሆነ እናልፈዋለን፣ ሕንፃው ጥግ ላይ ከሆነ አናልፈውም። ይህን ፍርድ የሚሰጥ ሰው እንጂ ኮንቨርተር የለም።

"ታዲያ ሲጂኤንኤስ፣ ፕሮግራሞች ዳታ የሚለዋወጡበት የጋራ ፎርማት፣ ለምን ተፈጠረ?" ያላችሁን አለን፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሲጂኤንኤስ እ.ኤ.አ. በ1994 ናሳና ቦይንግ የጀመሩት መልካም መስፈርት ነው፤ እኛም በየቀኑ እንጠቀምበታለን። ነገር ግን መስፈርቱ ብዙ ነገር ለጸሐፊው ፈቃድ ይተወዋል። የልኬት አሃዱን መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ስለዚህ በሚሊሜትር የተሠራ ፓምፕ እንደ ሜትር ተነብቦ የሬይኖልድስ ቁጥሩ (ፍሰቱ የረጋ ወይም የተናወጠ መሆኑን የሚያመለክተው) ሺህ እጥፍ ሊያድግ ይችላል። ፋይሉ ውስጡ ከሁለት የአቀማመጥ ዓይነቶች አንዱ፣ ኤዲኤፍ ወይም ኤችዲኤፍ5፣ ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ያው ስለሆነ አንዱን ብቻ የሚያነብ ፕሮግራም ፋይሉ ተበላሽቷል ይላችኋል። ስሞችም ከ32 ፊደል አያልፉም፤ በረጅሙ የሰየማችኋቸው ሁለት ግድግዳዎች የመጀመሪያ 32 ፊደሎቻቸው አንድ ከሆኑ ሲቆረጡ አንድ ስም ይይዛሉ። ከሜሽ መሥሪያው ጂሜሽ ወደ ኦፕንፎም ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ድንበር "ፓች" ተብሎ ነው የሚገባው፤ የባውንደሪው ፋይል ውስጥ ገብተን ግድግዳውን "ዎል" ካላልነው ለኬ-ኦሜጋ ኤስኤስቲ፣ ለተርቡለንስ (የፍሰት መናወጥ) ሞዴሉ፣ ከግድግዳው ያለው ርቀት አይሰላለትም።

አሁን ወደ ዳታው። ብዙ ገንዘብ የሚያሳጣው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም የተሳሳተ ሜሽ ይጮኻል፣ የተሳሳተ ዳታ ግን በሚያምር ቀለም ይታያል። ኦፕንፎም በኢንኮምፕረሲብል ሶልቨሮቹ (አየሩ አይታመቅም ብለው በሚያሰሉት) ግፊትን የሚጽፈው ለዴንሲቲ (ለአንድ ሜትር ኪዩብ ክብደት) ተካፍሎ ነው። ግድግዳው ላይ 300 ካለ ፓስካል አይደለም፤ በአየሩ ዴንሲቲ ማባዛት አለብን። ፍሉየንት ካልነገሩት የሚይዘው የባሕር ጠለሉን 1.225 ኪሎ ግራም በሜትር ኪዩብ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ 0.92 አካባቢ ነው። ስለዚህ ያው 300 በአንዱ 367.5፣ በሌላው 276 ፓስካል ይሆናል። መስታወት የምታዙት በዚህ ቁጥር ነው። ፍሉየንት የሚሰጠው ደግሞ ጌጅ ግፊት (ከመነሻ ግፊት ያለው ልዩነት) ነው፤ መነሻው፣ ኦፕሬቲንግ ግፊቱ፣ ካልተቀየረ 101,325 ፓስካል እንደሆነ ይቆያል፤ የተቀባዩ ፕሮግራም አብሶሉት ግፊት (የሁለቱን ድምር) የሚፈልግ ከሆነ በአዲስ አበባው የአየር ግፊት ፈንታ የባሕር ጠለሉ ይገባል።

ሌላው ዳታው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ፍሉየንትና ኦፕንፎም ዋጋውን በሴሉ መሐል፣ ሲኤፍኤክስና ኤስዩ2 ደግሞ በኖዱ (የሴሉ ማዕዘን ነጥብ) ላይ ይይዛሉ። ከሴል ወደ ኖድ፣ ከኖድ መልሶ ወደ ሴል ሲኬድ ሁለት ጊዜ አማካይ ይወሰዳል፤ የሚቆረጠው ደግሞ ጫፉ ነው። የሕንፃ ጥግ ላይ ያለው ትልቁ የመምጠጥ ኃይል፣ መሐንዲሱ የሚፈልገው ያ ቁጥር፣ መጀመሪያ የሚለሰልሰው እርሱ ነው። ተርቡለንሱም እንዲሁ ነው፤ ከኬ-ኤፕሲሎን ሞዴል ወደ ኬ-ኦሜጋ ሲሄድ (ኬ የመናወጡ ኢነርጂ፣ ኤፕሲሎን ያ ኢነርጂ የሚጠፋበት ፍጥነት ነው) ኤፕሲሎንን ለ0.09 ጊዜ ኬ አካፍለን ኦሜጋን እናገኛለን፤ ግድግዳው አጠገብ ያለውን ግን አናምነውም፣ አዲሱ ሶልቨር ራሱ እንዲያሰላው እንተዋለን።

ፍጥነቱ በትክክል ቢዛወር እንኳ በየገጹ የሚያልፈው ፍሰት በየሴሉ ተደምሮ ዜሮ መምጣት ሲገባው አይመጣም። የኦፕንፎም ዳታ ማዛወሪያ ማፕፊልድስ ይህን አያስተካክልም፤ የግፊት እኩልታው እንደገና መፈታት አለበት። ስለዚህ የተዛወረውን ዳታ በተቀባዩ ፕሮግራም እናስነሳና፣ የመግቢያና የመውጫው ፍሰት እስኪመጣጠን፣ በሕንፃው ላይ ያለው ጠቅላላ ኃይልም መወዛወዙን እስኪያቆም እንጠብቃለን። ሜሹ አንድ ሆኖ፣ ሞዴሉም ሳይቀየር፣ ኃይሉ ከመነሻው ከ1 በመቶ በላይ ከተለየ ፋይሉን አንሰጥም፤ ምክንያቱን እንፈልጋለን። ሦስቱ ቀን የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ዋጋው ደግሞ አንደብቃችሁም። የፕሮግራም ፈቃዱም፣ ሜሞሪውም፣ ሃርድ ዲስኩም የሚገዛው በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። እኛ ግን የማዛወሩን ሥራ ከዚያ በኋላም በነጻ ስንሠራ ቆይተናል። ይህ ቤት በአንድ ኮምፒውተርና በጥቂቶቻችሁ እምነት የተጀመረ ስለሆነ ለእናንተ ሒሳብ መቁጠር ከብዶን ነበር። አሁን ግን እጅ አጠረን። በነጻ እንሥራ ብንል ፍተሻውን መተው ሊኖርብን ነው፤ ያንን ደግሞ አናደርገውም። ሌላ ቦታ በሰዓታት ውስጥ ቀይረው የሚሰጧችሁ እንዳሉ እናውቃለን። ወደዚያ ብትሄዱም ቅር አንሰኝባችሁም፤ የዴንሲቲውንና የመነሻ ነጥቡን ጉዳይ ግን እባካችሁ ጠይቋቸው።

ሥራ ስትልኩልን ጂኦሜትሪውን፣ ሜሹን በደብል ፕሪሲዥን (አሥራ አምስት አሃዝ ገደማ በሚይዘው)፣ የልኬት አሃዱን፣ የተጠቀማችሁበትን ዴንሲቲና ኦፕሬቲንግ ግፊት፣ የተርቡለንስ ሞዴሉን፣ የፕሮግራሙን ስሪት ቁጥርና በእናንተ በኩል ያገኛችሁትን ጠቅላላ ኃይል ወይም የግፊት ልዩነት አብራችሁ ላኩ። ይህ ተሟልቶ ሲመጣ ክፍያው ይቀንሳል፤ ግምታችንም ፋይሉ በደረሰን ማግስት ይደርሳችኋል። የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ ተማሪዎች ከግማሹ በላይ አትከፍሉም። ከማስታወቂያው በፊት በእጃችን የገቡ ሥራዎች በሙሉ በቀድሞው ሁኔታ፣ ያለ ክፍያ ይጠናቀቃሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት