ስለ ጀልባህ ሞተር መጋል፤ ከሐዋሳ ለባሕር ዳር

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወዳጄ፣ ባለህበት።

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቦችህስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ሆነን፤ ቢሆንም ከባሕር ዳር የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ አንተና ስለ ጀልባህ ሳልጠይቅ ያለፍኩበት ጊዜ የለም። ሰሞኑን ከዚያ የመጣ የጋራ ወዳጃችን፣ ጀልባህ ሰው ጭና ወደ ዘጌ ስትሄድ ሞተሯ እየጋለ መሀል ሐይቅ ላይ እንደሚያስቆምህ፣ መካኒኮችም ቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለው የሞተሩ ራስ) ይውረድ እያሉህ እንደሆነ ነገረኝ። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ቴስታታ ማውረድ ሌላው ሁሉ ከታየ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነውና፣ ይህን አንብበህ የምነግርህን እስክታይ ድረስ አንድም ቡሎን እንዳታስፈታ አደራ እልሃለሁ።

በመጀመሪያ መጋሉ እውነት መሆኑን አረጋግጥ። የሙቀት ጌጁ የሚያሳየው ሴንሰሩና ገመዱ የነገሩትን ብቻ ነው፤ በእርጥበት የዛገ የመሬት ገመድ ብቻውን መርፌውን ሊያሳስተው ይችላል። ከርቀት የሚለካ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ካገኘህ በቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ በሚያሳልፈው ቫልቭ) ቤት ላይ አነጣጥረህ ከጌጁ ጋር አስተያየው። የሚያብረቀርቅ ብረት ንባቡን ዝቅ ስለሚያደርገው ቦታው ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፈህ ብትለካ ይሻላል።

ሙቀቱ እውነት ከሆነ ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ መቼ ይግላል የሚለው ነው። እኔ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ የማምነው የዚህን ጥያቄ መልስ ነው። ተነሥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚግል ሞተር ውሃ ጨርሶ አላገኘም፤ ወይ የፓምፑ ኢምፔለር (ውሃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ የጎማ መዘውር) ተሰብሯል፣ ወይ ከጀልባው ሥር ያለው መግቢያ ተደፍኗል፣ ወይ ቴርሞስታቱ እንደተዘጋ ቀርቷል። በዝግታ ሲነዳ ደኅና ሆኖ ነዳጅ ሲሰጠው ብቻ የሚግል ሞተር ግን ውሃ ያገኛል፤ የሚያገኘው ለሥራው አልበቃውም እንጂ። ናፍጣው ሲቃጠል ከሚወጣው ሙቀት ሲሶ ያህሉ ወደ ማቀዝቀዣው ስለሚገባ፣ ጭነቱ ሲጨምር በዝግታ ጊዜ ያልታየው ጉድለት ይገለጣል። እንደሰማሁት ያንተው ሞተር ወደቡ ላይ ቆሞ ሲሠራ ምንም አይሆንም፤ ስለዚህ ከሁለተኛው ወገን ይመስለኛል።

እንግዲህ የሐይቁን ውሃ ከሚገባበት እስከሚወጣበት ተከተለው። ከጀልባው ሆድ በቫልቭ ይገባል፣ በማጣሪያው ያልፋል፣ ፓምፑ ስቦ በዘይት ማቀዝቀዣውና በሙቀት መለዋወጫው ቱቦዎች ይገፋዋል፣ በመጨረሻም የጢስ መውጫው ክርን (ጠማማው ቱቦ) ላይ ከጢሱ ጋር ተቀላቅሎ በኋላ በኩል ይወጣል። በሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ደግሞ የራሱ መንገድ አለው፤ ሁለቱ የሚገናኙት በሙቀት መለዋወጫው ግድግዳ በኩል ሙቀት በመቀባበል ብቻ ነው። ስለዚህ ባልዲ ይዘህ ከኋላ የሚወጣውን ውሃ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሆነ ለካና፣ ሞተሩ በዚያ ዙር (በዚያ የመዞር ፍጥነት) ሊያወጣ ከሚገባው ጋር አስተያየው። ውሃው ካነሰ ጥፋቱ በሐይቁ ውሃ መንገድ ላይ ነው። በቂ ውሃ እየወጣ ሞተሩ ከጋለ ደግሞ፣ የመለዋወጫው ቱቦዎች ቆሽሸዋል ወይም ችግሩ በኩላንቱ በኩል ነው። ይህ አንድ ልኬት ግማሹን ድካም ይቀንስልሃል።

ባለፈው ክረምት እዚህ አሞራ ገደል አጠገብ የቆመች አንዲት ጀልባ ላይ የሆነውን ላጫውትህ። ኢምፔለሩ ተለውጦ፣ ቴርሞስታቱ ተለውጦ፣ ኩላንቱም ታድሶ ነበር፤ ሞተሩ ግን ነዳጅ በተሰጠው ቁጥር ይግል ነበር። ውሃውን ስንለካ የሞተሩ ዙር ከአንድ ደረጃ አልፎ ሲጨምር የሚወጣው ውሃ አብሮት አልጨመረም። ከቫልቩ ወደ ማጣሪያው የሚሄደውን ቱቦ ፈትተን በአንድ ጫፉ ባትሪ አብርተን በሌላው አየን። ውጩ ምንም ስንጥቅ የሌለበት ነበር፤ ውስጡ ግን የጎማው ሽፋን ከጨርቁ ተላቅቆ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። ፓምፑ በዝግታ ሲስብ ሽፋኑ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ያሳልፋል፣ በኃይል ሲስብ ይነሣና መንገዱን ይዘጋል። ቱቦው በሽቦ የተጠናከረ በሆነ አዲስ ቱቦ ሲተካ ነገሩ በዚያው አበቃ። ስለዚህ በመሳቢያው በኩል ያለውን ቱቦ ሁሉ ውስጡን ሳታይ ደኅና ነው አትበል። ሞተሩ እየሠራ የማጣሪያውን ክዳን ተመልከት፤ አረፋ ካየህ ክዳኑ ወይም የቱቦው ማሰሪያ አየር ያስገባል፣ አየር የሳበ ፓምፕ ደግሞ ውሃ አይስብም።

የእኛና የእናንተ ሐይቅ ግን በአንድ ዓይነት መንገድ ሞተር አይጎዱም። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ቢገባበትም ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለ ማዕድኑ በውስጡ ይቀራል፤ ስለዚህ እኛ የምንጠረጥረው በመለዋወጫው ቱቦዎች ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ነው። ጣና ግን በዓባይ ስለሚፈስ ውሃው ለስላሳ ነው፤ የእናንተ ጠላት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ በክረምት የሚያመጡት ደለል ነው። ደለል የፓምፑን ሽፋን ይሞርዳል። ሽፋኑን ፈትተህ በጥፍርህ ዳስሰው፤ ጥፍርህን የሚይዝ ክብ ጭረት ካለ፣ ኢምፔለሩ አዲስም ቢሆን ውሃው በጎን እያመለጠ ወደ ኋላ ይመለሳል። የሽፋኑ ሌላ ገጽ ያልተቆፈረና ለስላሳ ከሆነ ገልብጠህ ግጠመው። ከኢምፔለሩ ክንፎች አንድ የጎደለ ካገኘህ ደግሞ ቁራጩ የት እንደገባ ሳታገኝ አዲሱን አትግጠም፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዘይት ማቀዝቀዣው ወይም በመለዋወጫው አፍ ላይ ተሰክቶ ነው። እምቦጩንም አትርሳ፤ ሥሩ በመግቢያው ላይ ከተጠቀለለ ማጣሪያው ንጹሕ እያለም ውሃ ያጥራል።

ሁለታችንም የምንሠራው ከፍታ ላይ መሆኑን ብዙ መካኒክ ይዘነጋል። ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ እዚህም እዚያም የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። የኩላንቱ ክዳን ግፊት ይዞ የሚፈላበትን ደረጃ ከ110 በላይ ያደርሰዋል፤ ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን ሞተሩ ያን ያህል ሳይግል ኩላንቱ ፈልቶ ይገነፍላል። ርካሹ ዕቃ እርሱ ስለሆነ አስቀድመህ ለውጠው፤ በትኩስነቱ ግን ፈጽሞ አትክፈተው። ቴርሞስታቱንም በድስት ስትፈትን 82 የተጻፈበት በ82 አካባቢ መከፈት መጀመሩን ተመልከት። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ከዚያ በአሥር ወይም በአሥራ አምስት ዲግሪ ከፍ ሲል ስለሆነ፣ በእኛ ድስት እስከ መጨረሻ አለመከፈቱ ብቻውን ተበላሽቷል አያሰኘውም። መካኒኮቻችን ደግሞ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልን እንደ መድኃኒት ያዩታል፤ እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። ሞተሩ የሥራ ሙቀቱን ሳይደርስ እየሠራ ናፍጣ ይፈጃል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል፤ በአንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ውሃው በአጭሩ መንገድ ዞሮ መለዋወጫውን ስለማይነካ መጋሉ ይብሳል።

የሚወጣው ጢስ ጥቁር ከሆነና ሞተሩ ሙሉ ዙሩን ካልሰጠህ ፕሮፔለሩን እይ፤ የመረብ ናይለን ተጠቅልሎበት ሞተሩን ከአቅሙ በላይ እያሠራው ይሆናል። የጢስ መውጫው ክርንም ውስጡ በካርቦንና በዝገት እንደሚጠብ አስታውስ።

የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) የሚጠረጠረው ሞተሩ ቀዝቅዞ እንደተነሣ የኩላንቱ ቱቦ ወዲያው ሲጠነክር፣ በማጠራቀሚያው ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ሲታይ፣ ኩላንቱ መፍሰሻ ሳይኖረው ሲጎድል ነው። እነዚህ ከታዩ መካኒኮችህ ልክ ናቸው፣ ይውረድ። ካልታዩ ግን ገንዘብህን በከንቱ አታጥፋ።

እባክህ በስንት ዙር፣ ከተነሣህ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚግል፣ የባልዲውን ልኬትና የመለዋወጫውን መግቢያና መውጫ ሙቀት ጽፈህ ላክልኝ። ፓምፑን ስትፈታም የጋስኬቱን (የሽፋኑን ማሸጊያ) ውፍረት ሳትለካ እንዳትጥለው፤ ወፍራም ጋስኬት ከተተካበት ፓምፑ ኃይሉን ያጣልና።

ወዳጅህ፣ ከሐዋሳ